ለታመመ እግር የጫማ ውስጥ ድጋፍ ያስፈልጋልን?

እግር የሰውነት መሠረት ነው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ጣት ድረስ በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። ገበሬ በእግሩ ቆሞ ያርሳል፤ በእግሩ ገበያ ይወጣል። ሯጭም የሚወዳደረው በእግሩ ነው። ስለዚህ እግር ሲጎዳ እንጀራም አብሮ ይጎዳል።

በሩጫ እግራቸውን የታመሙ ወጣቶች «ጫማ ውስጥ የሚገባውን ድጋፍ ብናደርግ ይሻለናል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ይህ ድጋፍ ከስፖንጅ፣ ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። ተረከዝንና የውስጥ እግርን ደግፎ ይይዛል። አንዳንዱ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ሌላው በእግር ልክ ተለክቶ ስለሚሠራ ዋጋው ውድ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» ይላሉ። እውነት ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ያሸነፈው ግን ጫማ አድርጎ ነው። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩን ታሞ ስለነበር ውድድሩን አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። እንግዲህ ጀግናም ቢሆን የታመመ እግር ይዞ መሮጥ አይችልም።

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ሕመሙን መለየት ያስፈልጋል።

1ኛ/ ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ተረከዝን የሚወጋ ሕመም አለ። ይህ ከተረከዝ እስከ ጣት የተዘረጋው ወፍራም ጅማት ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ለዚህ ድጋፉ ሕመሙን ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውም ለብዙ ሰው በልክ ከሚሠራው አያንስም። ስለዚህ ለውዱ ብሎ በግ መሸጥ አያስፈልግም።

2ኛ/ አጥንት በሩጫ ብዛት ሲሰነጠቅ ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ይጠነክራል፤ ሲነኩትም ያማል። ይህን የሚያድነው ዕረፍት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሩጫ ማቆም ያስፈልጋል። ድጋፍ አድርጎ መሮጥ ስንጥቁን ወደ ስብራት ሊያደርሰው ይችላል።

3ኛ/ እግሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ምንም የማያመው ሰው ድጋፍ አያስፈልገውም።

ባላ የዘመመውን ጎጆ ይደግፋል፤ የበሰበሰውን ምሰሶ ግን አያድንም። ድጋፍም እንዲሁ ነው። በሬ ጫንቃው ሲቆስል ገበሬው ቀንበሩን አውርዶ ያሳርፈዋል እንጂ ጨርቅ ጣል አድርጎበት እርሻውን አይቀጥልም። ታዲያ ለበሬው ያሰብነውን ለራሳችን እግር ለምን እንነፍገዋለን?

ስለዚህ የታመመ ሯጭ፦

ሀ. መጀመሪያ ሩጫውን ይቀንስ ወይም ያቁም።
ለ. ግድግዳ ተደግፎ ባቱን ያሳስብ፤ ጣቶቹንም በእጁ ወደ ላይ ሳብ እያደረገ ውስጥ እግሩን ያፍታታ።
ሐ. ሲሻለው በእርምጃ ጀምሮ ሩጫውን ቀስ በቀስ ይጨምር።
መ. እግሩ ካበጠ፣ ከደነዘዘ ወይም መርገጥ ካቃተው ጤና ጣቢያ ይሂድ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የጤና ባለሙያ ሳያማክር ጫማው ውስጥ ምንም ነገር አይጨምር።

ጥያቄዎች

1. ድጋፍ የሚረዳው ለየትኛው ሕመም ነው?
2. የተሰነጠቀን አጥንት የሚያድነው ምንድን ነው?
3. ባላውና ምሰሶው ስለ ምን ተነገሩ? ተወያዩበት።