የዶሮ ቤት አሸዋ ላይ በረኪና አትድፉ! ትንሽ የዶሮ ቤት እንዴት ይጸዳል?



ሰሞኑን ከፉሪ አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ "ዶክተር፣ ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ቤት ስንሠራ የተረፈውን አሸዋ ወለሉ ላይ አነጠፍኩላቸው። ሽታው ሲብስብኝ በረኪና ደፋሁበት። ወዲያው ዓይኔን አቃጠለኝ፣ እስካሁን ያስለኛል። የ1 ዓመት ከ4 ወር ልጄን ደግሞ ተቅማጥ አልለቀው አለ። ይገናኛል እንዴ?"

አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል። ልጁን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት ብያቸዋለሁ። ጊቢ ውስጥ ዶሮ የምታረቡ ብዙ ስለሆናችሁ መልሱን ለሁላችሁም ላካፍላችሁ።

በረኪናው ለምን አቃጠላቸው?

የዶሮ ኩስ፣ በተለይ እርጥብ ሲሆን፣ አሞኒያ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ዓይንና አፍንጫ የሚቆነጥጠው ሽታ እሱ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ብዙ ከሆነ ሳንባን ይጎዳል። አስም ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ በረኪና ኩስ ሲነካ ጉልበቱ ስለሚያልቅ ጀርሙን በደንብ አይገድልላችሁም።

የልጁ ተቅማጥስ?

ጤነኛ የምትመስል ዶሮ እንኳ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉ ባክቴሪያዎችን በኩሷ ልታወጣ ትችላለች። ልጅ ሲድህ እጁን ያስነካል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ በቃ! በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሐረማያ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ካምፒሎባክተርን በብዙ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ አግኝተውታል፤ ተቅማጥ በሌላቸውም ጭምር። አንጀት ደጋግሞ ሲታመም ደግሞ የልጅን እድገት ሊጎዳ ይችላል።

አሸዋ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ ኩሱ ቶሎ ይደርቃል፣ እንደ ገለባ አይበሰብስም። ግን እንደ ሰጋቱራ እርጥበት አይመጥም። እንደ ፉሪ ባለ ዝናቡ በሚበረታበት ደጋ፣ ጣሪያው ካፈሰሰ ወይም ጎርፍ ከገባ ክረምቱን ሙሉ ሲሸት ይከርማል። ደቃቅ አሸዋም አቧራው ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ሻካራና የታጠበ አሸዋ ምረጡ።

እንዴት ላጽዳ?

1. መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስወጡ፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ። ማስክና ጓንት አድርጉ። ለዶሮ ቤት ብቻ የሚሆን ቦቲ ይኑራችሁ፤ በእሱ ወደ ሳሎን አትግቡ። ልጆችን አርቁ።

2. በየቀኑ ጠዋት ከቆጡ ሥር ያለውን ኩስ በትንሽ አካፋ ከላይ ከላዩ አንሱ። አቧራ ከተነሳ ውሃ በስሱ እፍ በሉበት፤ አታጥለቅልቁት። በደረቁ አትጥረጉ።

3. በሳምንት አንዴ ግንበኞች አሸዋ በሚነፉበት ወንፊት ንፉትና ገልብጡት። የዱቄት ወንፊት በጭራሽ እንዳትጠቀሙ!

4. ውሃ መጠጫው ሥር የረጠበውን አሸዋ ወዲያው አውጥታችሁ በደረቅ ተኩ። የአሸዋው ውፍረት አንድ ጋት ያህል ቢሆን ይበቃል።

5. ሽታው ካልጠፋ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት። ክረምት ከመግባቱ በፊትና ዝናቡ ሲያበቃ ብታደርጉት ጥሩ ነው።

6. በረኪና የሚገባው መቼ ነው? አሸዋውና ኩሱ ከወጣ፣ ቆጡ፣ ግድግዳውና ውሃ መጠጫው በሳሙና ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ ብቻ! 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጡ፣ ቀብታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩ፣ አለቅልቁ። ሳይደርቅና ሽታው ሳይጠፋ ዶሮዎቹን አትመልሱ። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ።

7. ያወጣችሁትን ኩስ ጎመንና ሰላጣ ላይ እንዳለ አታድርጉት፤ ለብቻው ከምራችሁ ይብላላ።

8. በመጨረሻ እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። የሥራ ልብሱን ለብቻ እጠቡት።

በተለይ ማን ይጠንቀቅ?

ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አስም ያለባቸውና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጽዳቱን ለሌላ ይተዉ። ዶሮዎቹን ሰው በሚተኛበት ክፍል አታሳድሩ።

መቼ ወደ ሕክምና እንሂድ?

- ልጁ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ካለው
- ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው
- በበረኪናው ጋዝ የተነሳ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሳሉ ከቀጠለ

እስክትደርሱ ድረስ ለልጁ ኦ.አር.ኤስ (ለምለም) ስጡት፣ ጡት አታቋርጡ። የተረፈ አንቲባዮቲክ ከቤት አንስታችሁ አትስጡ። ለባለሙያው "ቤት ውስጥ ዶሮ አለን" ማለትን አትርሱ። ጋዙ ዓይን ከነካ ወደ ንጹህ አየር ውጡና ዓይናችሁን 15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እጠቡ።

ዶሮ ማርባት ተዉ እያልኩ አይደለም። እንቁላሉ ለልጆቻችን ትልቅ ምግብ ነው። ልጁን የምንመግበው እንቁላል ይሁን እንጂ ኩሱ አይሁን!

የእናንተ ዶሮ ቤት ወለል ምን የተነጠፈበት ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ዶሮ ለሚያረቡ ጎረቤቶቻችሁም ሼር አድርጉ።