ትምህርት አሥራ አንድ፦ የአሠራር ገለጻ ድርሰት

አንድ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ድርሰት የአሠራር ገለጻ ድርሰት ይባላል። የዚህ ዓይነት ድርሰት ጸሐፊ ሁለት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው የሥራውን ቅደም ተከተል ሳያዛቡ ማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለየተግባሩ ምክንያቱን መግለጽ ነው። ምክንያቱን ያላወቀ አንባቢ የታዘዘውን ሁሉ ቢፈጽምም፣ ሥራው ሲበላሽበት የት ላይ እንደ ተሳሳተ ሊያውቅ አይችልም። ተማሪዎች፣ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ ይህን እያሰባችሁ አንብቡ።

ሀ. ምንባብ
የተያያዘና የተያያዘ የሚመስል

ፍሊፐር የሚባለው የመጫወቻ መሣሪያ መስተዋት የለበሰ ተዳፋት ጠረጴዛ ነው። ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ፣ 80 ግራም ያህል የምትመዝነው የብረት ኳስ ወደ ታች ወርዳ እንዳታመልጠው በአጫጭር ክንፎች መልሶ ይመታታል። እነዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ክንፎች የተዋወቁት ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሀምፕቲ ደምፕቲ» በተሰኘው መሣሪያ ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ አሮጌ ፍሊፐር ገዝተው በቤታቸው የሚያኖሩና ሲበላሽም ራሳቸው የሚጠግኑ ሰዎች አሉ። ጥገናው ብየዳን መማር ይጠይቃል። ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሰው በመዳብ ሽቦ ጥቅልል ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ክንፉ በተመታ ቁጥር መሣሪያው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሽቦዎቹን የያዘው ብየዳ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል።

ለሥራው በኤሌክትሪክ የሚግል መበየጃ፣ ቀጭን የብየዳ ሽቦና እርጥብ ስፖንጅ ያስፈልጋሉ። ከመቶ 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ ያለበት የብየዳ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። በሽቦው እምብርት ውስጥ ከጥድ ሙጫ የተሠራ ማጽጃ አለ፤ ሲሞቅ ከመዳቡ ላይ ዝገቱን ያነሣል። ለውሃ ቧንቧ ብየዳ የሚውለው አሲድነት ያለው ማጽጃ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቀስ በቀስ ሽቦውን ይበላዋልና።

ጠጋኙ በመጀመሪያ የመሣሪያውን መሰኪያ ከግድግዳው ይነቅላል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከግድግዳው እስከ ማብሪያው ያለው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደ ተሸከመ ይቆያልና። ከነቀለም በኋላ ጥቂት ይታገሣል፤ በውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎች ኃይላቸውን ወዲያው አይለቁምና። ኃይሉ ማለቁንም በመለኪያ ያረጋግጣል።

ከዚያም አሮጌውን ብየዳ አንሥቶ መጋጠሚያውን ያጸዳል። ሽቦውንም በጥቅልሉ ጆሮ ቀዳዳ አሳልፎ ያጥፈዋል፤ ብየዳ ብቻውን መንቀጥቀጥን ችሎ ሊይዝ አይችልምና። ቀጥሎ የመበየጃውን ጫፍ ሽቦውንና ጆሮውን በአንድነት አስነክቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰኮንድ ያህል ያሞቃቸዋል። የብየዳውን ሽቦ የሚያስጠጋው በመበየጃው ላይ ሳይሆን በሞቀው መጋጠሚያ ላይ ነው። ቅልጡ ተሰራጭቶ ክፍተቱን ሲሞላ፣ መጀመሪያ የብየዳውን ሽቦ፣ ከዚያም መበየጃውን ያነሣል፤ እስኪረጋም ድረስ መጋጠሚያውን አያንቀሳቅስም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የብየዳውን ሽቦ በመበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጦ ወደ መጋጠሚያው ያንጠባጥባል። ጠብታው በቀዝቃዛ መዳብ ላይ ሲያርፍ፣ ቅባት በነካው ሳህን ላይ እንዳለ የውሃ ጠብታ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን አልተዋሐደም። ይህ ቀዝቃዛ ብየዳ ይባላል። መሣሪያው በዚያው ቀን ይሠራ ይሆናል፤ ሲንቀጠቀጥ ግን አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ ይቆማል። ባለቤቱም ጥፋቱን ከማያስበው ስፍራ ስለሚፈልግ፣ ደኅናውን ዕቃ እየጣለ አዲስ ይገዛል። ከዚህ ሁሉ ኪሣራ የሚያድነው በመሣሪያው ላይ እጅን ከማንሣት በፊት በቁርጥራጭ ሽቦ ላይ ደጋግሞ መለማመድ ነው።

ጢሱ ሳንባን ስለሚጎዳ ሥራው መስኮት ተከፍቶ ይሠራል። እርሳስ መርዝ ስለሆነም በያጁ ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል።

ለ. ጥያቄዎች
1. ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ የማይበቃው ለምንድን ነው?
2. ቀዝቃዛ ብየዳ እንዴት ይፈጠራል? ወዲያው የማይታወቀውስ ለምንድን ነው?
3. «ሲያዩት የተያያዘ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን አልተዋሐደም» የሚለው አባባል ከብየዳ ሌላ ለምን ለምን ነገር ሊነገር ይችላል? በምሳሌ አስረዱ።

ሐ. የቃላት ርባታ
በየደ ከሚለው ግሥ ብየዳ፣ በያጅ፣ መበየጃ የሚሉ ስሞች ይገኛሉ። የግሡ መጨረሻ ፊደል «ደ» ሲሆን፣ በአድራጊው ስምና በመሣሪያው ስም ወደ «ጅ» እና «ጃ» መለወጡን አስተውሉ። በዚሁ መሠረት ከሚከተሉት ግሦች ሁለት ሁለት ስሞች አውጡ፦ ወሰደ፣ ሄደ፣ አረደ።

መ. ሰዋስው፦ ምክንያትን መግለጫዎች
ምክንያት በልዩ ልዩ መንገድ ይገለጻል። «ስለ» በጥገኛው ግሥ መነሻ ላይ ይገባል፤ ምክንያቱም ከውጤቱ ይቀድማል፦ ጢሱ ሳንባን ስለሚጎዳ መስኮቱን ከፈተ። «ና» በግሡ መድረሻ ላይ ይገባል፤ ምክንያቱም ከውጤቱ ይከተላል፦ መስኮቱን ከፈተ፤ ጢሱ ሳንባን ይጎዳልና።
መልመጃ፦ በምንባቡ ውስጥ በ«ና» የተገለጹትን ምክንያቶች ለይታችሁ፣ በ«ስለ» እየለወጣችሁ ጻፉ።

ሠ. ድርሰት
በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ ከሚሠሩት ሥራዎች እጃችሁ የሚያውቀውን አንዱን ምረጡ፤ ለምሳሌ እንጀራ መጋገር፣ የብስክሌት ጎማ መለጠፍ ወይም ችግኝ መትከል ሊሆን ይችላል። አሠራሩን በአራት አንቀጽ ግለጹ። ለእያንዳንዱ ደረጃ ምክንያቱን ስጡ። ጀማሪ የሚሳሳትበትን ስፍራና ስሕተቱ የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ አንቀጽ አብራሩ። ስትጨርሱ ድርሰቱን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስነብቡ፤ እርሱ ያልገባው ስፍራ ካለ፣ እናንተ ያልጻፋችሁት ደረጃ አለ ማለት ነው።