ለሃይሉክስ ቱርቦ መግጠም፦ ከፍታ የነጠቀንን አየር ማስመለስ

ከዶሎ ኦዶ ተነስቶ እስከ ቦሬ 3ኤል በሚባል የናፍጣ ሞተር በሚሄድ ሃይሉክስ ጭኖ የወጣ ሰው ሞተር እንዴት እንደሚታፈን ያውቃል። ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ በሚሆኑበት በዶሎ ኦዶ ከባሕር ወለል 200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ነገሌ 1,475 ሜትር ያህል ትደርሳለች፤ አዶላን አልፈን ቦሬ ስንደርስ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ወጥተናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ይጥላል። ነገሌ ላይ 15 በመቶ፣ ቦሬ ላይ 25 በመቶ ገደማ ጠፍቷል ማለት ነው። ናፍጣው ግን አልቀነሰም። ከፍታውን የሚያካክስ መሣሪያ የሌለው ፖምፓ ታች ይረጭ የነበረውን ያህል ላይም ይረጫል፤ ትርፉ የሚነድበት አየር ስለሚያጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ያ ጭስ ገንዘባችን ነው።

ቱርቦ ከዚያው ከሚወጣው ጭስ ኃይል ወስዶ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው። አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ አውጥቶ ሞከረው፤ ሞተሩ በቱርቦ ከፍታው የወሰደበትን ጉልበት መልሶ አገኘ። እኔም በትንሽ ገንዘብ ቱርቦ ለሚገጥም ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ የጠፋውን አስመልሱ፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁ። ከዚያ በላይ የጠየቀ ሰው ሞተር ለመግዛት ይዘጋጅ።

ከመጀመራችን በፊት፦ የትኛው ሞተር?

ብዙ ወጣቶች ቪትዝ ላይ ቱርቦ መግጠም ይቻል እንደሆነ ይጠይቁኛል። አይሞክሩት። የቪትዝ አንድ ሊትር የቤንዚን ሞተር ገና ከፋብሪካ ሲወጣ አየሩን ከ10 እጥፍ ባላነሰ ያምቃል። በዚያ ላይ ግፊት ሲጨመርበት ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይተኩስ በራሱ ይፈነዳል፤ ፒስተኑም ይሰበራል። ይህን ለመከላከል የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና ማስተካከልና አንድ ዓይነት ጥራት ያለው ቤንዚን ሁልጊዜ ማግኘት ያስፈልጋል። በጀሪካን በሚሸጥ ቤንዚን በምንነዳበት ቆላ ይህ አይሆንም።

አሮጌው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ግን ተስማሚ ነው፤ 2.4 ሊትሩ 2ኤልና 2.8 ሊትሩ 3ኤል። ቶዮታ ራሱ 2ኤል-ቲ የሚባል ባለ ቱርቦ ወንድም ሠርቶላቸዋል። ስለዚህ የጭስ ማኒፎልዱም፣ ሲቲ20 የሚባለው ቱርቦም በአሮጌ ዕቃ መልክ ይገኛል። አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ መፈለግ የመጀመሪያው አማራጭ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ያ 2ኤል-ቲ ራሱ ቴስታታው በሙቀት በመሰንጠቅ ስሙ የጠፋ ሞተር ነው። ፋብሪካው የሠራው እንዲህ ከሆነ እኛ ጋራዥ ውስጥ የምንሠራው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ይገባችኋል።

ደረጃ 1፦ ሞተሩን መመርመር

የደከመን ሞተር ቱርቦ አያድነውም፤ ቶሎ ይገድለዋል። ካንዴሌታዎቹን ፈትተው የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ያስለኩ። ጤነኛ ሞተር ወደ 30 ባር ያሳያል፤ 20 የመጨረሻው ወለል ነው። እኔ ከ25 በታች ላለው ሞተር ቱርቦ አልገጥምም፤ በሲሊንደሮቹ መካከልም ከ5 ባር የበለጠ ልዩነት አልቀበልም። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ፤ እንደ ማንቆርቆሪያ የሚተነፍስ ከሆነ ገንዘብዎን ለፒስተን ፋሻ ያውሉት።

ደረጃ 2፦ ውኃውን ማስተካከል

ራዲያተሩን አውርደው ያሳጥቡ። ቴርሞስታቱን አውጥተው የጣሉ ከሆነ መልሰው ይግጠሙ፤ ያለ እሱ ከውኃው ከፊሉ ወደ ራዲያተሩ ሳይገባ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። የጉድጓድ ውኃ ጨው ስለሚያስቀምጥ የተጣራ ውኃና ኩላንት ይጠቀሙ። የቬንትሌተሩን ቺንጊያ፣ የውኃ ፓምፑን ኩሽኔታ፣ የራዲያተሩን ክዳን ጎማ ሁሉ ይዩ።

ነገሌ የተበላሸ ፓምፕ ምን እንደሚያመጣ የምታውቅ ከተማ ናት። ጥር 1966 ዓ.ም. እዚህ የሰፈረው ጦር ባመፀ ጊዜ ከምሬቶቹ አንዱ የምግቡ መጥፎነት ነበር፤ ሌላው የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ አናካፍልም ማለታቸው። የ1966ቱን አብዮት ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ከዚያ ይጀምራሉ። በቆላ ፀሐይ ውኃ ከሁሉም ይቀድማል፤ ለሰውም ለሞተርም።

ደረጃ 3፦ ቱርቦ ከመግዛት በፊት መለኪያ መግዛት

ገንዘብ አጥሮኛል የሚል ሰው መጀመሪያ የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ የማስገዛው ይህን ነው። ሦስት መለኪያ ያስፈልጋል፦ የቱርቦውን ግፊት የሚያሳይ፣ የውኃውን ሙቀት በቁጥር የሚያሳይ፣ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። ጫፉ ማኒፎልዱ ላይ፣ ከቱርቦው በፊት ይገባል፤ ቀዳዳው የሚበሳው ማኒፎልዱ ከመኪናው ወርዶ ነው፤ የብረት ፍርፋሪ ቱርቦው ውስጥ ከገባ ክንፎቹን ይበላቸዋል። ጭሱ 650 ዲግሪ ሲደርስ ልብ ይበሉ፤ 700 ሲሆን እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ ማርሽ ይቀንሱ። እነዚህ ፒስተኖች ለቱርቦ የተሠሩ አይደሉም።

ደረጃ 4፦ አሮጌ ቱርቦ መምረጥ

ቱርቦውን ሲገዙ ባትሪ ያውጡና በደንብ ያብሩበት። በአየር መግቢያው በኩል ያሉት ክንፎች ጫፋቸው የተበላ፣ የታጠፈ ወይም ቤቱን የነካ ከሆነ ይተዉት። ዘንጉን በጣትዎ ይያዙ። ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ ችግር የለም፤ ቦታው በሥራ ጊዜ በዘይት ይሞላል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፉት ከተንቀሳቀሰ ግን ኩሽኔታው አልቋል። በጭስ በኩል ጥቁር ዘይት ካዩም እንዲሁ።

የዌስትጌቱን (የግፊት መገደቢያውን) ክንድ ጎሚስታ ቤት ወስደው በትንሽ አየር ይሞክሩት። ግማሽ ባር አካባቢ ላይ መንቀሳቀስ መጀመር አለበት። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግፊቱን የሚያቆምልዎ ነገር የለም።

ለምን ግማሽ ባር? ነገሌ ላይ በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.98 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 0.5 ባር ስንጨምርበት፣ ሲታመቅ መሞቁንም ቆጥረን፣ 1.28 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ባሕር ዳርቻ ላይ በቀዝቃዛ ጠዋት ያለው አየር 1.22 ኪሎ ነው። ግማሽ ባር ከፍታው የወሰደውን መልሶ ትንሽ ምርቃት ይጨምራል። ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) ካለ ደግሞ 1.45 ኪሎ ድረስ ይሄዳል፤ ግን ለመጀመሪያው ዓመት ያለ እሱ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ማኒፎልዱ

የ2ኤል-ቲ ማኒፎልድ ካገኙ ሥራው ግማሽ አልቋል። ካጡና የሚበየድ ከሆነ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ጥቁር የብረት ቧንቧ፣ ቴስታታውን የሚነካው ሳህን ከ10 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን። ከብየዳ በኋላ ሳህኑ ይጣመማልና ቶርኖ ቤት ይላግ። ቀልጦ ከተጣለ ብረት የተሠራ የተሰነጠቀ ማኒፎልድ አስበይደው አይግጠሙ፤ መጀመሪያ ዳገት ላይ ይከፈታል። የቱርቦውን ክብደትም ማኒፎልዱ ብቻ እንዲሸከመው አይተዉት፤ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝ ድጋፍ ይሥሩለት። በኮረኮንች መንገድ የምንነዳ ሰዎች ነን።

ደረጃ 6፦ ዘይት መስጠትና ዘይት መመለስ

ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ዘንጉን የሚይዘው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዘይቱ የሚመጣው ከሞተሩ የዘይት ግፊት ስዊች ቦታ ላይ በሚገባ ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ በኩል ነው፤ ከብረት በተጠለፈ ቱቦ ይምጣ እንጂ በነዳጅ ጎማ አይሁን፤ ጎማው ጭሱ አጠገብ ይቀልጣል።

መመለሻው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሕተቱን እኔም ሠርቼዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በገጠምኩት መኪና መመለሻውን በቀጭን ቱቦ አድርጌ፣ ቦታ ስላጣሁ መሃሉን ትንሽ ወደ ላይ አጎበጥኩት። መኪናው ነገሌ ውስጥ ደህና ሄደ። ወደ ፊልቱ መንገድ ሲወጣ ነጭና ሰማያዊ ጭስ ያወጣ ጀመር፤ ባለቤቱ ሞተሩ የተቃጠለ መስሎት በጣም ደነገጠ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዘይቱ መውረጃ አጥቶ በቱርቦው ጫፎች በኩል ወደ ጭሱ እየፈሰሰ ነበር። ሰውየውን ሁለት ቀን አስቀምጬ፣ የሞተሩን የዘይት ማጠራቀሚያ ኮፓ አውርጄ እንደገና ሠራሁት።

ስለዚህ መመለሻው የውስጥ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ከቱርቦው እስከ ኮፓ ሳይቋረጥ ቁልቁል ይውረድ፤ ኮፓው ላይ የሚገባውም ከዘይቱ ወለል በላይ ይሁን። ኮፓውን ሳያወርዱ አይብሱ። ቱርቦው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት ያንቆርቁሩ፤ ከዚያ የፖምፓውን የማቆሚያ ሶሌኖይድ ሽቦ ነቅለው የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ሞተሩን በስታርተር ብቻ ያዙሩት።

ቱርቦው የውኃ ቀዳዳዎች ካሉት ከማሞቂያው መስመር ውኃ ይስጡት።

ደረጃ 7፦ የሊበን አቧራ

ከነገሌ ወጥቶ የሊበንን ሜዳ የሚያቋርጥ መኪና የሚያስነሳው ቀይ አቧራ ቱርቦ ይበላል። ከፊልትሮ እስከ ቱርቦ ያለው ቱቦ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ካለች አቧራው እየተሳበ ክንፎቹን እንደ ወፍጮ ይሞርዳል። መገጣጠሚያው ሁሉ በጥሩ ፋሼታ ይታሰር። በየሳምንቱ ቱቦውን ነቅለው በነጭ ጨርቅ ውስጡን ይጥረጉት፤ ጨርቁ ቀይ ከወጣ መኪናውን አያንቀሳቅሱት። ሞተሩ የሚስበው አየርም ከራዲያተሩ ኋላ ካለው ትኩስ ቦታ ሳይሆን ከውጭ ይምጣ።

ደረጃ 8፦ ጭስ መውጫው

ከቱርቦው በኋላ 2 ኢንች ተኩል ቧንቧ ይበቃል። የፍሬኖ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የናፍጣ ቱቦ ከዚህ ይራቁ፤ መራቅ ካልቻሉ በመሃል ቆርቆሮ ይግባ። በበጋ የሣር ሜዳ የሚያቋርጥ ሰው ከመኪናው ሥር የተጠመጠመ ደረቅ ሣር በየዕለቱ ያራግፍ። በዚህ ምክንያት የሚነሳ እሳት የሰው ግጦሽ ነው የሚያቃጥለው።

ደረጃ 9፦ ፖምፓውን አለመንካት

ቱርቦ የተገጠመለት ሁሉ በዚያው ዕለት የናፍጣዋን ቡሎን ማዞር ይፈልጋል። አንድ ወር ይታገሡ። መጀመሪያ ላይ እንዳልኩት ፖምፓው ለከፍታ አገር ከሚበቃው በላይ እየረጨ ነበር። አየሩ ሲመለስለት ጥቁር ጭስ ይሆን የነበረው ናፍጣ ይነዳል፤ ጉልበት ይጨምራል፣ የጭሱም ሙቀት ይቀንሳል። ብዙዎቹ ባለመኪናዎች በዚህ ረክተው ይቀራሉ፤ ልክ ናቸው። መጨመር ካስፈለገ ቡሎኗን አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ፣ ከዚያ ጭነው ዳገት ላይ የጭሱን ሙቀት እያዩ። ታች ዶሎ ኦዶ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ቀን እንደገና ይፈትሹት፤ ነገሌ ላይ ልክ የነበረ ቁጥር እዚያ ልክ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 10፦ ከገጠሙ በኋላ

ለዓመታዊ ምርመራና ለመድን ሲባል ለውጡን አስቀድመው ለትራንስፖርት ቢሮና ለመድን ድርጅትዎ ያሳውቁ። ዘይት በየ3,000 ኪሎ ሜትር ይለውጡ። ረጅም መንገድ ወይም ዳገት ወጥተው ሲቆሙ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉት፤ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራ፤ አለበለዚያ ዘንጉ ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። የመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ሲያልቅ ሞተሩ በርዶ ሳለ የማኒፎልዱን ዳዶዎች ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፤ ከመሃል ጀምረው ወደ ጫፍ።