ዝሆኔ፦ ምክንያቱና የዕለት እንክብካቤው



በየቁምስናችን በሰንበት ቅዳሴ ከበሩ አጠገብ ቆመው የሚያስቀድሱ፣ ሕዝቡም ሳይወጣ ቀድመው የሚሄዱ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ እግራቸው ያበጠና ቆዳው የሻከረ በመሆኑ፣ ሽታውም ሌላውን እንዳያስቸግር በመፍራት ይርቃሉ። በዚህ ትምህርት ሕዝባችን «ዝሆኔ» ስለሚለው፣ በሕክምና ቋንቋ ፖዶኮኒዮሲስ ስለሚባለው የቆየ የእግር ሕመም እንማራለን። ከሆመቾ እስከ ሆሳዕና፣ ከዱራሜ እስከ ወላይታ ሶዶ የምንኖር ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተናል።

1. ጥፋቱ የማን ነው?

ሕመሙ የጀመረው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን አድርጌ ነው?» ብሎ ነው። አንዱ ርግማን ነው ይላል፤ ሌላው የሞተ እባብ ረግጠህ ነው ይላል፤ ሦስተኛውም የዘር ነው ብሎ ልጁን ከዚያ ቤት አላጋባም ይላል። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ለጌታ አቅርበው ነበር (ዮሐ. ምዕ. 9)። ጌታ ግን በደሉን በሰውየውም ሆነ በወላጆቹ ላይ አላደረገም። እኛም በታመመው ሰው ላይ ፍርድ ከመስጠት ተቆጥበን እውነተኛውን ምክንያት መመርመር ይገባናል።

2. እውነተኛው ምክንያት

ብሪታኒያዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሀገራችን ባደረጉት ምርምር፣ ሕመሙ የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት ከፍተኛ ስፍራ፣ በባዶ እግራቸው በሚሠሩ ገበሬዎች ዘንድ መሆኑን አስረዱ። በአፈሩ ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ ያልፋሉ። በሰውነታችን ውስጥ ትርፍ ፈሳሽን ሰብስቦ የሚመልስ፣ ሊምፍ የሚባል የቀጫጭን ቧንቧዎች መረብ አለ። ብናኙ ይህን መረብ እያስቆጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይዘጋዋል፤ ፈሳሹም በእግር ውስጥ ይጠራቀማል። መጀመሪያ መዳፉ ያብጣል፤ ቀስ በቀስም እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ቆዳውም ይወፍራል፣ ይሰነጠቃል።

እንግዲህ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ወይም መጨባበጥ አያስይዝም። በአንድ ቤተሰብ ሲደጋገም መታየቱም ምክንያት አለው፤ በወላይታ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ከዚያው ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈሩ ከተጠበቀ ሕመሙን ማስቀረት ይቻላል።

የእግር እብጠት ሁሉ ግን ዝሆኔ አይደለም። የሥጋ ደዌ የቆዳን ስሜት ያደነዝዛል፤ በዝሆኔ ግን ስሜቱ አይጠፋም። በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔም በቆላ ይገኛል። ስለዚህ መለየቱ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው።

3. የሸክሙ ክብደት

እ.ኤ.አ. በ2013 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ላይ የተመሠረተ ግምት በሀገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ያመለክታል። ቀደም ሲል በወላይታ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕሙማኑ ከዓመቱ የሥራ ቀናት 45 ከመቶ ያህሉን እንደሚያጡ አሳይቷል። እግሩ በየጊዜው በድንገት ይግላል፣ ይቀላል፤ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል። ብዙ ቤተሰብም ጥቂት ያለውን ገንዘብ በዋግምት፣ በመተኮስና እባጩን በማስቆረጥ ይጨርሳል። እነዚህ አዲስ ቁስል ከመክፈት በቀር ለሕመሙ አይበጁም።

4. የዕለት እንክብካቤ

ሕመሙን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ሆኖም እብጠቱን የሚቀንስና ሥቃዩን የሚያቀል እንክብካቤ አለ።

ሀ) እግርን በየቀኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፤ የጤና ባለሙያው በሚያዝዘው መጠን በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ መዘፍዘፍ።
ለ) በጣቶች መካከል ሳይቀር በሚገባ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት።
ሐ) ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ።
መ) በባለሙያ ምክር በፋሻ መጠቅለል፤ ንጹሕ ካልሲና ጫማ ማድረግ።
ሠ) ድንገተኛው ትኩሳት ሲነሣ ማረፍ፣ ወደ ጤና ጣቢያም መሄድ።

በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህን የመሰለ እንክብካቤ ድንገተኛውን ሕመም በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይህ ለታመመው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ወደ እርሻውና ወደ ገበያው የሚመለስባቸው ቀናት ናቸውና። ነገር ግን እንክብካቤው አንድ ሳምንት ተሠርቶ የሚተው ሳይሆን የዕድሜ ልክ ነው።

ስለ ጫማም አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎቻችን ጫማን ለቅዳሴና ለገበያ እናኖራለን፤ ስናርስና እንሰት ስንተክል ግን እናወልቃለን። እግራችን አፈሩን የሚረግጠው በዚያን ሰዓት ስለ ሆነ፣ ጫማ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለሥራ ነው። ላበጠ እግር ተራ ጫማ ስለማይበቃ በልኩ የተሰፋ ሰፊ ጫማ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወላይታ ሶዶ የተቋቋመው የዝሆኔ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ከሌሎች እርዳታዎች ጋር እንዲህ ያለውን ጫማ ሲያዘጋጅ ቆይቷል።

5. የቁምስናችን ድርሻ

በጸሎተ ሐሙስ የጌታን ትሕትና እያሰብን እግር እናጥባለን። በጎረቤታችን ቤት እግሩን ለማጠብ ውኃ የሚቀዳለት ያጣ ሕመምተኛ ካለ፣ ያ ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ ወደ እርሱ ቤት ሊደርስ ይገባል። ጸሎትና ሳሙና አይጣሉም፤ ለታመመው እየጸለይን ውኃውንም እንቅዳለት። መምህራን ሆይ፣ ሕፃናት በታመመ ሰው እንዳይሳለቁ፣ ወላጆችም እብጠቱ ገና ሲጀምር ሳይደብቁ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ አስተምሩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ስለ ዝሆኔ ምክንያት ምን ይባላል? ከዚህ ትምህርት ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው?
2. ልጆቻችን ወደ እርሻና ወደ ውኃ ሲሄዱ እግራቸው ተጠብቋል ወይ?
3. በቁምስናችን ከበሩ አጠገብ የሚቆሙትን ወደ መካከላችን ለማምጣት ምን እናድርግ?