በዝግታ የሚሄድ ብዙ ያያል

ተፍኪ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው ጐዳና ላይ፥ ከሰበታ ቀጥላ የምትገኝ ከተማ ናት። በሰሜን በኩል የወጨጫ ተራራ ቆሞ ይታያል፤ በደቡብና በምዕራብ ግን ዓይን እስኪደክም ድረስ የበቾ ሜዳ ተዘርግቷል።

በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ አባት በታኅሣሥ ወር በዕረፍት ቀን ሁለቱን ልጆቹንና አሮጊት እናቱን በአውቶሞቢል አሳፍሮ ወደ ወንጪ ሐይቅ ሊወስዳቸው አሰበ። ወንዱ ልጅ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበረ፤ እኅቱ ደግሞ ዘጠኝ። አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው፥ «የእኛ አውቶሞቢል ከተፍኪ ወንጪ በሁለት ሰዓት ደርሷል» ብሎ ስለ ተመካበት፥ ልጁም «እኛ ከዚያ ፈጥነን እንደርሳለን» ብሎ ተወራርዶ ነበረ። ስለዚህ ገና ሳይሳፈር መቸኰል ጀመረ። ለስንቅ የተዘጋጀውን የሽምብራ ቆሎ ከአያቱ እጅ ነጥቆ ሲሮጥ እንቅፋት መታው፤ ቆሎውም በደጅ ተበተነ። አያቱም ሳይቈጡ፥ «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ፤ በል ልጄ፥ ልቀም» አሉት። ልጁም እያፈረ ለቀመ።

ከዚህም በኋላ ጕዞ ጀመሩ። አባትየው በዝግታ ይነዳ ነበር። ጥቂት እንደ ሄዱ አውቶሞቢሉን ከመንገድ ዳር አቁሞ ሁሉንም አወረዳቸው። በአንድ ወገን የደረሰው ጤፍ እየታጨደ ነበር፤ በሌላው ወገን ግን ሽምብራው ገና ለምለም ነበረ። ልጅቱም፥ «አባባ፥ ዝናቡ ካቆመ ብዙ ቀን ሆኖታል፤ ይህ ሽምብራ ውኃውን ከወዴት ያገኛል?» ብላ ጠየቀች።

አባቷም እንዲህ አላት፤ «የዚህ አገር መሬት መረሬ ነው። በክረምት ውኃውን ይጠጣል፤ ያበጠውም አፈር ውኃውን በውስጡ ይዞ ያቆየዋል። ገበሬው ሽምብራውን የሚዘራው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ቡቃያውም መሬቱ ባስቀመጠው ርጥበት ያድጋል። ኋላ መሬቱ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሽምብራው ፍሬ ይዟል።» አያታቸውም፥ «መሬት እንኳ በጥጋብ ጊዜ ለችግር ቀን ያስቀምጣል» አሉ።

ወደ ኋላ ዘወር ብለውም የወጨጫን ተራራ ተመለከቱ። በዚያ ተራራ ገደል ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። የተከሉት ሰዎች ካለፉ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗል፤ ጥላው ግን ዛሬም አለ።

ልጁ ግን፥ «አባባ፥ ፍጠን እንጂ! ሌሎቹ ሁሉ ቀደሙን» ይል ነበር። በእውነትም ብዙ አውቶሞቢሎች ጡሩምባ እየነፉ አልፈዋቸው ነበር። አባቱም ዝም ብሎ በዝግታው ቀጠለ።

የአዋሽን ድልድይ ሲሻገሩም ቆመው ወንዙን አዩ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዓባይ ተለይቶ ከኢትዮጵያ ምድር ሳይወጣ ይጓዛል፤ ባሕር ሳይደርስም በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ግን በመንገዱ ሁሉ ሰውንና ከብትን ያጠጣል፤ እርሻን ያለማል።

ቱሉ ቦሎን አልፈው ወደ ወሊሶ ሲቃረቡ ከአንድ መንደር ደረሱ። በዚያ ስፍራ ከባሕር ዛፍ አጥር ውስጥ ጥጃ ሮጦ ወጣ፤ ከጥጃውም ኋላ አንድ ሕፃን፥ ግራና ቀኝ ሳያይ፥ ወደ ጐዳናው ዘለለ። አባትየው በኃይል ፍሬኑን ረገጠ። አውቶሞቢሉም ከሕፃኑ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።

በአውቶሞቢሉ ውስጥ ማንም አልተናገረም። አያታቸው ወርደው የሚያለቅሰውን ሕፃን አቀፉና እየሮጠች ለመጣችው እናቱ ሰጧት። እናቲቱም ልጇን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። የአባትየው እጅ ከመሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ ልጁ አየ።

ጥቂት ቆይቶ ልጁ በዝግታ፥ «አባባ፥ እኔ እንዳልኩህ ፈጥነህ ኖሮ ብትነዳስ?» አለ። አባቱም እንዲህ ሲል መለሰለት፤ «በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 80 ሲሄድ ደግሞ 22 ሜትር ያህል። ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ደግሞ፥ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ለመቆም የሚፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሂሳቡን አንተው አስበው።» ልጁም አሰበ፤ ዓይኑም እንባ ሞላ። ከዚያ በኋላ «ፍጠን» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ቀድሞ ጊዮን ትባል ከነበረችው ከወሊሶ ከተማ ወደ ሰሜን ታጥፈው ዳገቱን ወጡ። በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ተተክሎ አዩ። አሁን፥ «አባባ፥ እባክህ እዚህ ቁም» የሚለው ልጁ ሆነ።

ወደ ቀትር ገደማ ከተራራው አፋፍ ደረሱ። የወንጪ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አለው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበረ፤ እሳቱ ካለቀ በኋላ አናቱ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ጐድጓዳውም ውኃ ሞላበት። በሐይቁ ውስጥ ደሴት አለ፤ በደሴቱም የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። በሸለቆውም ፍል ውኃ ይፈልቃል። ይህች የወንጪ መንደር በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ዘንድ ለጐብኚዎች መልካም ከተባሉት የዓለም መንደሮች አንዷ ሆና ተመርጣለች። እነርሱም በታንኳ ተሻግረው ደሴቱን አዩ፤ ስንቃቸውንም በውኃው ዳር በሉ።

በማግሥቱ በትምህርት ቤት ጓደኛው፥ «በስንት ሰዓት ደረሳችሁ?» አለው። ልጁም፥ «በአምስት ሰዓት» ብሎ መለሰ። ጓደኛው ሣቀበት። ልጁ ግን አላፈረም፤ «እናንተስ በመንገድ ምን አያችሁ?» ብሎ ጠየቀው። ጓደኛው ብዙ አስቦ የሚመልሰው አጣ። ልጁም የመረሬውን መሬት፥ የአዋሽን ወንዝ፥ የመናገሻን ደን ነገረው። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሕፃኑን ነገር ነገረው። በዚያን ጊዜ ጓደኛው መሣቁን ተወ።

ልጆች ሆይ፥ መንገድ የሁሉ ነው። የሚነዳው ሰው ይሄድበታል፤ የእግረኛው ልጅም ይሻገርበታል። የሚቸኩል ሰው ያሰበው ስፍራ ቢደርስ እንኳ በመካከል ያለውን ሁሉ ያጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ሊመለስ የማይችል ነገር ያጠፋል። በዝግታ የሚሄድ ግን ብዙ ያያል፤ ሌላውንም በሰላም ያሳልፋል።

ጥያቄ
1. ሽምብራው ዝናብ ሳይኖር እንዴት ያድጋል?
2. የአዋሽ ወንዝ ከወዴት ተነሥቶ ከወዴት ያበቃል?
3. ሕፃኑ ስለ ምን ዳነ?
4. ልጁ በማግሥቱ ሲሣቅበት ያላፈረው ስለ ምንድን ነው?