ቪሲንክ፦ መቼ እናብራው? መቼስ እናጥፋው?

ጌም እየተጫወታችሁ ካሜራውን በፍጥነት ወደ ጎን ስታዞሩ ምስሉ መሃሉ ላይ በአግድም የተቆረጠ መስሏችሁ ያውቃል? የላይኛው ክፍል አንድ ቦታ፣ የታችኛው ደግሞ ትንሽ ሸርተት ብሎ ይታያል። ይህ «ቲሪንግ» ይባላል። ስክሪናችሁ አልተበላሸም፣ ግራፊክስ ካርዳችሁም ጤነኛ ነው።

ብዙ ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ቪሲንክ» የሚለውን ያበራና መቆረጡ ይጠፋለታል። ከዚያ ግን ማውሱ ይከብደዋል፣ ወይም ጌሙ ድንገት መንቀራፈፍ ይጀምራል። ዛሬ ይህ ለምን እንደሚሆንና እኔ በምን መስፈርት እንደምወስን እንመለከታለን።

መቆረጡ ከየት ይመጣል?

ሞኒተር ምስሉን የሚያድሰው በራሱ ሰዓት ነው። ባለ 60 ሄርዝ ሞኒተር በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ማለትም በየ16.7 ሚሊሰከንዱ፣ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ያድሳል። ግራፊክስ ካርዱ ግን ይህን ሰዓት አይከተልም። አንዱን ፍሬም በ9 ሚሊሰከንድ፣ ቀጣዩን በ14 ሊጨርስ ይችላል። ሞኒተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ አዲስ ፍሬም ከመጣ፣ ከላይ አሮጌው ከታች አዲሱ ይታያል።

ቪሲንክ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ካርዱን «ቆይ፣ ሞኒተሩ ይጨርስ» ይለዋል። «ቨርቲካል» የሚለው ስም የመጣው ከድሮዎቹ ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥኖች ነው። የኤሌክትሮን ጨረሩ ታች ደርሶ ወደ ላይ እስኪመለስ ድረስ አጭር ክፍተት ነበረች። ፍሬም የሚቀየረው በዚያች ክፍተት ከሆነ መቆረጥ የለም።

የሚያስከፍለን ዋጋ

የመጀመሪያው ዋጋ መዘግየት ነው። ካርዱ ፍሬሙን በ5 ሚሊሰከንድ ቢጨርስም የቀረውን 11.7 ሚሊሰከንድ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከኋላው ሌሎች ፍሬሞች ከተሰለፉ መዘግየቱ ይደራረባል። ማውሱ «የሚከብደው» ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዋጋ የባሰ ነው። በየ16.7 ደቂቃው የሚነሳ አውቶቡስ አለ እንበል። እናንተ ጣቢያው በ18ኛው ደቂቃ ብትደርሱ አምልጧችኋል፤ የምትሄዱት በ33.3ኛው ደቂቃ በሚነሳው ነው። ፍሬምም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱን ፍሬም በ18 ሚሊሰከንድ የሚጨርስ ካርድ ያለ ቪሲንክ በሰከንድ 55 ፍሬም ይሰጣል። ቪሲንክ በርቶ ባፈሩ ሁለት ብቻ ከሆነ ግን ወደ 30 ይወርዳል። ካርዱ የዘገየው በ1.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ እናንተ ግን ግማሹን ያህል አጣችሁ። «ትሪፕል ባፈሪንግ» ሦስተኛ ባፈር በመጨመር ካርዱ ሥራ ፈትቶ እንዳይጠብቅ ያደርገዋል፤ ሆኖም አንዳንዱ ፍሬም አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ስለሚታይ እንቅስቃሴው እኩል አይሆንም።

ይህን ማወቅ ኪስንም ያድናል። አንድ ጓደኛዬ ጌሙ ከ30 አልወጣ ብሎት ለአዲስ ካርድ ገንዘብ እያጠራቀመ ነበር። ቪሲንኩን አጥፍተን፣ የጥላውን ጥራት አንድ ደረጃ ስንቀንሰው ከ60 በላይ ወጣ። ካርዱ እስካሁን ያው ነው።

ታዲያ መቼ?

መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ ሞኒተራችሁ በስንት ሄርዝ እየሠራ እንደሆነ እዩ። 144 ሄርዝ ተገዝቶ በ60 የሚሠራ ሞኒተር ብርቅ አይደለም። ቀጥሎ ቪሲንክ አጥፍታችሁ ጌሙ ስንት ፍሬም እንደሚሰጥ ተመልከቱ።

1. ፍሬሙ ሁልጊዜ ከሄርዙ በላይ ከሆነና የምትጫወቱት ታሪክ ያለው፣ የማያጣድፍ ጌም ከሆነ አብሩት። ካርዱ ትርፍ ፍሬም ስለማይሠራ ላፕቶፑም ይቀዘቅዛል፣ ፋኑም ዝም ይላል።
2. እንደ ካውንተር ስትራይክና ቫሎራንት ያለ የፉክክር ጌም ከሆነ አጥፉት። እዚያ ከምስሉ ውበት ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል።
3. ፍሬሙ ከሄርዙ በታች የሚወርድ ከሆነ ጥራቱን ቀንሱ፣ ወይም «አዳፕቲቭ» የሚለውን ምረጡ። እሱ ፍሬሙ ሲወርድ ቪሲንክን ራሱ ያጠፋዋል።
4. ሞኒተራችሁ የኤንቪዲያን ጂሲንክ ወይም የኤኤምዲን ፍሪሲንክ የሚደግፍ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞኒተሩ ካርዱን ይጠብቃል። የፍሬሙን ጣሪያ ከሄርዙ ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ ለ144 ሄርዝ 140 ጥሩ ነው።

ጌም ለምትሠሩ

ቪሲንክን እንደ ሰዓት አትቁጠሩት። ገጸ ባሕሪው «በየፍሬሙ 5 ፒክስል» እንዲሄድ ከጻፋችሁ፣ በ60 ሄርዝ በሰከንድ 300 ፒክስል፣ በ144 ሄርዝ ግን 720 ፒክስል ይሮጣል። እንቅስቃሴን ሁልጊዜ ባለፈው ጊዜ፣ በ«ዴልታ ታይም»፣ አባዙት። በዩኒቲ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ «ቪሲንክ ካውንት» 1 ከሆነ «ታርጌት ፍሬም ሬት» ላይ የጻፋችሁት ቁጥር አይሠራም፤ ሞባይል ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው።

ሜኑአችሁን በአማርኛ የምታዘጋጁ ከሆነ አንድ አደራ አለኝ። «ቋሚ ማመሳሰል» ብሎ መተርጎም ተጫዋቹን ያሳስተዋል፤ «ቋሚ» ሲባል ዘላቂ ይመስለዋል። እኔ ብሆን «ምስል እንዳይቆረጥ አድርግ» ብዬ፣ ከሥሩ በትንሹ «ምላሹ ትንሽ ይዘገያል» እላለሁ። ጥቅሙንም ዋጋውንም ያነበበ ሰው ለራሱ የሚሆነውን ይመርጣል።