ሐይቅን እንደ አቅም መጐብኘት

በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ያለችው የፈረንሳይ ከተማ ኒስ የባለጸጎች መዝናኛ ትባላለች፤ ይሁን እንጂ የባሕሩ ዳርቻ አብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ስለ ሆነ ገቢው አነስተኛ የሆነም ይዋኝበታል።

ለቆቦና ለራያ ቆላ ነጋዴም ይህን የመሰለ ስፍራ በወልድያና በመርሳ በኩል ተጕዞ፣ ደሴ ከመድረሱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል አስቀድሞ የሚገኘው ሐይቅ ነው። ወጪን የሚያበዛው መኝታው እንጂ ውኃው አይደለም። ባለ ገንዘቡ ከውኃው ዳር ቢያድር፣ ሌላው በከተማው አልጋ ይዞ ወደ ዳርቻው ቢወርድ፣ ሁለቱም የሚያዩት አንድ ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ግን ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ መሆኑን ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ አስቀድሞ ይወቅ።

እንግዲህ የመንገዱን ጸጥታ ጠይቆ፣ የመሳፈሪያውን፣ የመኝታውንና የምግቡን ሒሳብ ሳይነሣ ለይቶ የጻፈ ነጋዴ የሱቁን ዋና ገንዘብ ሳይነካ ተዝናንቶ ይመለሳል።